ስምንት ከአሥር ያገኘው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት እኔና እናንተ የተለያየነው እሱ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ከክፍል ወጥቶ ሲሄድ፣ እኔ ደግሞ ቀይ እርሳሴን ይዤ ተገትሬ ስቀር ነበር። አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ደረቅ!» ብላችሁ እንደሰደባችሁኝ አልጠራጠርም። ስድቡን ተቀብያለሁ። ግን ከመሀል ለመጣ ሰው ስል ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አክስቴ ሱቅ የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ይኸው ሃያ ስድስት ሞላኝ። ሰው ፊት የውጭ ቋንቋ ሲነገር ላብ ያጠምቀኛል። የተማሩ ደንበኞቻችን መሀል ላይ አንድ ሁለት ቃል ጣል ሲያደርጉ እንደገባው ሰው ፈገግ ማለት ልማዴ ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «ኤስፔራንቶ ለጀማሪዎች። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ክፍያ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ እግሬ አልሄድም አለ። ኤስፔራንቶ የአንድ አገር ቋንቋ እንዳልሆነ፣ ሰው ሁሉ እኩል እንዲግባባበት ተብሎ የተፈጠረ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔን የያዘኝ «ሁሉም ከዜሮ» የሚለው ነው። በዜሮ እኔን የሚበልጠኝ የለም።

አስተማሪያችን በጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ናቸው፤ «አባባ» እንላቸዋለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ተኩል ሲል በሩን ይዘጋሉ። አንድ ደቂቃ ያረፈደ ሰው ባቡሩ አምልጦታል፣ ቢለምንም አይከፈትለትም። የምንማረው የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ እስከ ጣሪያ በተከመሩ የቆዩ ጋዜጦች መሀል ነው። አንድ ሰው ካስነጠሰ ሁላችንም እናስነጥሳለን።

እሱ በሁለተኛው ሐሙስ መጣ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ከፊቱ በፊት ኮቱን ነው ያየሁት፤ የሙያ በሽታ ነው መቼም። የግራ ትከሻው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የሰፋለት ሰው ግን ልብ አላለም። አባባ ወንበር እያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት ኮስተር ብሎ በኤስፔራንቶ «እኔ ወንበር ነኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቄን በመዳፌ ልይዘው ስታገል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አሁን ተቀየመኝ ብዬ ሳፍር እሱ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሁለት ዲግሪ ያለው ሰው ከእኔ እኩል ሲሳሳት ማየት እንዴት ደስ እንደሚል አልነግራችሁም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሳምንቱ ይረዝምብኝ ጀመር።

አባባ ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲመድቡን እኔና እሱ ደረሰን። የአባባ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሐሙስ ሐሙስ ለጥንድህ ደብዳቤ ትሰጣለህ፤ የምትጽፈውም በተማርካቸው ቃላት ብቻ ነው። ጥንድህ ወደ ቤቱ ወስዶ ስህተትህን በቀይ እርሳስ ያርማል፣ ከአሥር ነጥብ ይሰጥሃል፣ በሳምንቱ ያስረክብሃል። በደብዳቤው ስለተባለው ነገር ግን ትንፍሽ አይልም። ወሬ ከተጀመረ ትምህርቱ ቀረ ባይ ናቸው አባባ።

በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ሳምንት ተጻጻፍን። «አክስት አለችኝ። ብዙ እሠራለሁ። ዛሬ ደከመኝ።» «አባቴ ብዙ ይናገራል። እኔ ጥቂት እናገራለሁ። ድልድይ እወዳለሁ።» ይህን የመሰለ ነገር ነው። ውሸት ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ እኛ ሁለት መቶ እንኳ አልሞላልንም ነበር። በዕድሜዬ ማንም ሰው እንደዚያ ራቁቱን አውርቶኝ አያውቅም።

በአሥረኛው ሳምንት የተሰጠን የቤት ሥራ «አንድ ነገር የምትለምን ደብዳቤ ጻፍ» የሚል ነበር። እኔ ጃንጥላ ለመንኩት። እሱ እኔን ለመነኝ።

«ውድ ጓደኛዬ፣ እናቴ ለእኔ ሚስት አገኘች። ልጅቷ ጥሩ ናት። እኔ አልፈልግም። እኔ አንቺን እወዳለሁ። እሁድ በአራት ሰዓት የአትክልቱ ቦታ፣ ውሃው አጠገብ እጠብቃለሁ። አንቺም ከወደድሽ ነይ። ካልመጣሽ ሁለተኛ አልጠይቅም።»

ስጨርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ወዲያው ደግሞ በራሴ ሳቅሁ። የቤት ሥራው ልመና አይደል? ሰውየው ለመነ፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ በቃ። በዚያ ላይ እኔ የማውቀው፣ እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ ሊወስደው የመጣው ጥቁር መኪና እናቱን ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ አክስቴ ሱቅ ያመላለሰው መኪና ነው። የእናቱን ቀሚስ ጫፍ ተንበርክኬ በእስፒል የምይዘው እኔ ነኝ። የዚያች ሴትዮ ልጅ እኔን? ይህን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ኩራት ነው በሉት፤ ፍርሃት ነው ብትሉም አልከራከራችሁም።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ እንግዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን አርማለሁ። ሦስት ስህተት አገኘሁበት። ስምንት ከአሥር ሰጠሁት። ከሥሩም በቀይ እርሳስ፣ አሳምሬ፣ «ጎበዝ! በጣም እውነት ይመስላል» ብዬ ጻፍኩበት።

ሐሙስ ሲያነበው ፊቱ ጠመኔ መሰለ። ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ምናልባት ያ የቤት ሥራ አልነበረም ይሆን? እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ እጄን በመርፌ ስወጋ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጥርጣሬዬ በእግሩ መጣ።

አክስቴ ጠረጴዛዋ ላይ የልክ ደብተሯን ዘርግታለች። እኔ የገበር ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። በሩ ተከፈተና እናቱ ገቡ። ከኋላቸው እሱ።

«እንደምን አደራችሁ?» አሉ እናቱ ጓንታቸውን እያወለቁ። «ዛሬ ለራሴ አይደለም፤ ልጄን ይዤው መጣሁ። ቀለበቱ እሁድ ሳምንት ነው። ሙሉ ልብስ፣ ከነሰደርያው፣ እስከ ዓርብ ይድረስልኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ!» አለች አክስቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «እኛ ካልደረስንለት ማን ይደርስለታል? አንቺ፣ ልክ ውሰጂ።»

መቀሱ እጄ ላይ ደረቀ። እሱ አንድ ጊዜ አየኝ። የት እንደምሠራ አያውቅም ነበርና ድንጋጤው ፊቱ ላይ በግልጽ ተነበበ፤ ቀጥሎ ግን ዓይኑን ወደ ጨርቅ መደርደሪያው አዞረ። ሰው ሲያመው ዓይኑን እንደሚያዞር ዓይነት ነበር።

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ተጠጋሁት።

«ይቅርታ» አለኝ፣ «ኮቴን ላውልቅ ወይስ እንዲሁ ይለኩኛል?»

ይለኩኛል! አንቱ አለኝ። አሥር ሳምንት አንቺ ሲለኝ የነበረ ሰው አንቱ ብሎ አራቀኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያውልቁት» አልኩ እኔም።

በአክስቴ ሱቅ ልክ የሚወስድ ሰው ከቁጥር ሌላ አይናገርም። ደንበኛ እየተለካ ወሬ አይወድም ትላለች። ለኪው ቁጥሩን ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። ከኋላው ቆሜ ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ዘረጋሁ።

«አርባ ስድስት።»

«አርባ ስድስት» አለች አክስቴ እየጻፈች።

«የልጅቷ አባትና የእሱ አባት አብሮ አደግ ናቸው» ብለው ቀጠሉ እናቱ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው። «ልጆቹ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል። ጨዋ ልጅ ናት። አይደል ልጄ?»

«አዎ እማዬ።»

«እጅጌ፣ ስልሳ አራት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እንግዲህ ምን ልበልሽ» አሉ እናቱ ወደ አክስቴ ጎንበስ ብለው፣ እሱ እንደሌለ ሁሉ። «እንቢ ሲለኝ ነው የከረመው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም እሁድ ጠዋት ከቤት ወጣ። ያን ቀን እንዴት እንደዘነበ ታስታውሻለሽ? ማታ በስብሶ መጣ። ምነው ብለው መልስ የለም። ሐሙስ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ገና ከበር ‹እማዬ፣ የፈለግሽውን አድርጊ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አይዞርም። እኔ ግን ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ልጨርሰው ብዬ ነው።»

ዘንቦ ነበር። እውነት ነው፣ ያን እሁድ ዘንቦ ነበር። እኔ መስኮቴን ዘግቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ደብዳቤውን ሳርም የዝናቡን ድምፅ እየሰማሁ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ከውሃው አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔ ሦስት ስህተት አገኘሁበት።

«ደረትስ?» አለች አክስቴ።

ሜትሩን በብብቱ ሥር አዙሬ ፊት ለፊቱ ገጠምኩት። ጣቶቼ ደረቱ ላይ ነበሩ። ልቡ ሲመታ በሸሚዙ ላይ ይሰማኛል። ቁጥሩን አየሁት። ማታ ማታ ሜትር እየዘረጋሁ ቁጥር ስለማመድ ሰንብቼ ስለነበር አፌ እኔን ሳይጠይቅ በኤስፔራንቶ ጠራው።

«ናውዴክ ኦክ።»

«ምን?» አለች አክስቴ።

«ዘጠና ስምንት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ በዚያው ቋንቋ፣ «ስምንት» አለ። «አንቺ ስምንት ትወጃለሽ።»

የተማርኩት ቃል ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ማስረዳት ፈለግሁ። «አላመንኩህም» ማለትን አልተማርንም። «ኩራት» የሚለውን አልደረስንበትም። ሕፃን እንደሚያወራ አወራሁት።

«ደብዳቤው... እኔ አሰብኩ፣ የትምህርት ሥራ ነው። እኔ እውነት አላሰብኩም።»

«እኔ ጠበቅሁ።»

«እኔ አላወቅሁም።»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። ውሃ ከላይ፣ ውሃ ከታች።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ አነጋገሩ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እኔ ሞኝ ነኝ» አልኩት። «እኔም አንተን እወዳለሁ።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። እናቱ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ምንድን ነው የምትነጋገሩት? ምን ቋንቋ ነው ይኼ?»

«ልጅቷ ደክሟት ነው እትዬ» አለች አክስቴ፤ ዓይኗ ግን እኔን በቁሜ እየጠበሰኝ ነበር። እኚህ ሴትዮ የሱቃችን ዓይን ናቸው። ከእሳቸው ጋር የሚመጡት እህቶቻቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ ምራቶቻቸው ናቸው። እሳቸው ከተቀየሙን ሱቁ ባዶ ይቀራል። ይህን አክስቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አነሳልኝ። ከዚያ በገዛ ቋንቋችን፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ።

«በዚያ ቋንቋ አትንገሪኝ።»

አንቺ አለኝ።

«በዚያ ቋንቋ ሁላችንም ልጆች ነን» አለ። «እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ አንቺም ልብስ ሰፊ አይደለሽም። ወንበር ነኝ ብልም ይሳቅልኛል። እኔ የጻፍኩልሽም እዚያ ተደብቄ ነው፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። የእጄንም አገኘሁ። አሁን ግን እኔ ልብስ እየተለካሁ ነው። ቀለበቱ እውነተኛ ነው። የምትይው ካለ በእኛ ቋንቋ በይው፣ እማዬ እየሰማች። ከሌለሽም ወገቤን ለኪኝና ልሂድ።»

ካውያው ጥግ ላይ እንፋሎቱን ይተፋል። አክስቴ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀርታለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ለመሸሽ አስቤያለሁ። «ወገብ፣ ሰማንያ ሁለት» ብል ሁሉም ነገር በቦታው ይመለስ ነበር። አክስቴ ደንበኛዋን አታጣም። እናቱ የሰሙትን ይረሳሉ። እኔም እስከ ዓርብ ልብሱን እሰፋለሁ፤ ትከሻውንም አስተካክዬለት ቀለበት ሊያስር ይሄዳል። አፌን ከፈትኩ። ሰማንያ ሁለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

«እወድሃለሁ» አልኩት።

በኤስፔራንቶ ስለው ቀላል ነበር። በእኛ ቋንቋ ሲወጣ ከሆድ ዕቃዬ ጋር የወጣ መሰለኝ።

«እሁድ እንደምትጠብቀኝ ባውቅ ዝናቡ መሀል በባዶ እግሬ እመጣ ነበር። እውነት ይመስላል ብዬ የጻፍኩልህ ላሾፍብህ አይደለም። እውነት ቢሆን ብዬ ስለተመኘሁ ነው። የእናትህን ልብስ ስድስት ዓመት ሰፍቻለሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ከሦስተኛው ሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለፈራሁ ደበቅሁህ። አሁንም እየፈራሁ ነው። ግን ያን ቀለበት አትሰር። እባክህን አትሰር።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ግን ከቁጣ ይልቅ ልቅሶ ይቀርበው ነበር።

እናቱ ቀስ ብለው ተነሱ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መጥተው ፊቴ ቆሙና አገጬን በሁለት ጣታቸው ቀና አደረጉት። ስድስት ዓመት እግራቸው ሥር ስንበረከክ ያን ያህል ቀርበውኝ አያውቁም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከቁጥር ሌላ ቃል ከአፍሽ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ዛሬ ከተናገርሽ አይቀር ልጄን አንተ ብለሽ ጀመርሽ።»

«ይቅርታ እትዬ።»

«ይቅርታሽን አልጠየቅሁሽም።» አገጬን ለቀቁትና ወደ እሱ ዞሩ። «አንተስ? የበሰበስከው ለእሷ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«አባትህ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ያቺ ልጅስ ምን በደለች?»

ያቺን ሴት አንድም ቀን አላየኋት፣ ምንም አልበደለችኝም፤ የእሷን ደስታ ዓይኔን አፍጥጬ እየቀማሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀኝና አፈርኩ።

እናቱ ጓንታቸውን አጠለቁ። አንዱን ጣት ሁለቴ ሳቱት። «መኪና ውስጥ እጠብቅሃለሁ» አሉት። «አሁን ተከትለኸኝ ከወጣህ ምንም እንዳልሰማሁ ነኝ። ካልወጣህ ግን ለአባትህም ለልጅቷም የምትነግረው ራስህ ነህ፤ እኔ አፌን አላውስልህም።»

ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። አክስቴ የልክ ደብተሯን አጠፈች፣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታልፈኝ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችው። ትምታኝ ይሁን ታጽናናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። እሱ በሸሚዝ፣ ኮቱ ወንበር ላይ። እኔ ሜትሬን እንደ ገመድ እጄ ላይ ጠምጥሜው።

የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። እሱ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ ኮቱ። ኮቱን አነሳው። ሂድ ልለው ነበር እኮ! እናትህ ናት፣ ሂድ፣ እኔ አልቀየምህም ልለው አፌን አሞጥሙጬ ነበር። አልወጣልኝም። እንዲሄድ አልፈልግም ነበርና።

ሁለተኛ ጮኸ፤ አሁን ረዘም አድርጎ። ኮቱን አጥፎ ይዞ እናቱ የተነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እንዳንጠለጠለ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ተቀመጠ።

ውጭ መኪናው ተነሳ። ድምፁ መንገዱን ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም አዳመጥነው።

«ሄደች» አለ።

«ሄዱ» አልኩ።

ደስ ያለኝ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ፈራሁ። ለአክስቴ ሱቅ፣ ለማላውቃት ልጅ፣ ለአባቱ ቁጣ፣ ነገ ጠዋት «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ለሚነቃው ለእሱ ፈራሁ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩት። እሱም ፈርቶ ነበር፤ መዳፉ በላብ ርሷል። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። እንደዚያ ቀን ግን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሌላ ቦታ መሆን ያልፈለግሁበት ቀንም የለም።